በአንድ ገበቴ ያጠብኳቸው መቀቢያዎች

ነገሩ የሆነው በ1930 ዓ.ም. በጋው ሊወጣ ሲል፣ የበልግ ደመና በጣርማ በር በኩል መታየት ሲጀምር ነው። የአረፋ በዓል ካለፈ ሁለት ሳምንት አልሞላውም ነበር። ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ከወንዙ ዳር ባለች ጎጆ፣ ከአንዲት ልጄ ጋር እኖር ነበር። ባሌን ጣሊያኖቹ ለመንገድ ሥራ ይዘውት ሄደው ጣርማ በር ላይ ድንጋይ ተናደበት። ሬሳውን አላየሁም። ተቀብሯል ብለው የነገሩኝ ግን ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለት ምስክር ይበቃል። አልሐምዱሊላህ።

የምንበላው ከሙሽራ ነበር። በአገሩ ሴት ልጅ ስትዳር እኔ እጠራለሁ። እጅና እግሯን ሂና እቀባለሁ፤ ዓይኗን እኩላለሁ፤ ቅንድቧን አጠቁራለሁ፤ ቅቤ በተቀባ ጉንጯ ላይ የተፈጨ ሰንደል እነሰንሳለሁ። ሥራውን የወረስኩት ከእናቴ ነው። ስትሞት አንድ የብር ኩል መኳያና ሁለት የፀጉር መቀቢያ ተወችልኝ። መቀቢያ የምለው ዛሬ በከተማ ብሩሽ የሚሉትን ነው።

የቀሩትን እኔ አንድ በአንድ ሰበሰብኳቸው። በሃያ ዓመት ዐሥራ ዘጠኝ ደረሱ። ቀጭኑ፣ የሂና መስመር የማወጣበት፣ ከጥጃ ጆሮ ውስጥ ከተቆረጠ ፀጉር ነው። ለዚያ አንድ መቀቢያ ሰባት ጥጃ ፈልጌያለሁ። ለቅንድብ የሚሆነው የጥቁር ፍየል ግልገል ፀጉር ነው፤ ግልገሉ ሣር መንጨት ሳይጀምር መላጨት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ይሻክራል። ከሁሉ የምወደው ከግመል ግልገል የተሠራው ነበር። ፀጉሩን ያመጣችልኝ ጨው የምትሸጥ የአፋር ሴት ናት። ሁለት ዓመት ጠብቄያታለሁ። እጀታውን ከወይራ እጠርባለሁ። ፀጉሩን በበሬ ጅማት አስሬ በግራር ሙጫ አጣብቀዋለሁ። ከዚያ ጥላ ውስጥ ዐሥር ቀን ይቆያል። ፀሐይ ካየው ይሰነጠቃል።

እናቴ ያስተማረችኝ ሕግ አንድ ነበር። ሙሽራ ፊት ላይ የሚያርፍ ፀጉር ከንጹሕ እንስሳ ይሁን፤ በሕይወቱ ሳለ የተላጨ ወይም በቢስሚላህ የታረደ። አንድ ጊዜ ነጋዴ የዝሆን ጥርስ መኳያ በርካሽ ይዞላት ቢመጣ አልነካችውም። "ዝሆኑን ማን ባረከው?" አለችው። የማታውቀው ፀጉር ሲመጣላት አንድ ዘለላ ነቅላ ፍም ላይ ታደርግና ታሸተዋለች። እኔም ሽታውን ለመድኩ። ፍየል፣ ላም፣ ግመል፣ ፈረስ፣ ሁሉም ሲቃጠል የየራሱ ሽታ አለው። የማላውቀው ከሸተተኝ እጥለዋለሁ።

አያያዛቸው ደግሞ እንዲህ ነበር። ሙሽራዋ ከሄደች በኋላ የሠራሁባቸውንም ያልሠራሁባቸውንም አወጣና በገበቴ ለብ ያለ ውሃ አድርጌ፣ እንዶድ መትቼ፣ ሁሉንም አብሬ አጥባለሁ። ያልነካኋቸውን የማጥበው አቧራ እንዳይዛቸው ብዬ ነው። ከዚያ ፀጉራቸውን ቁልቁል አድርጌ እሰቅላቸዋለሁ፤ ውሃው ወደ ሙጫው ከወረደ ይበሰብሳል። ሲደርቁ እጀታቸውን ቅቤ አስነክቼ፣ ብል እንዳይበላቸው ደረቅ አሪቲ ጨምሬ፣ በቆዳ ከረጢት አስቀምጣቸዋለሁ። ሰዎች የእኔ መቀቢያ ቆዳ አይቧጥጥም ይሉ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ኩራት መሆኑን ያኔ አላወቅኩም።

በዚያው ዓመት በኅዳር አንዲት ልጅ ቤቴ መጣች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ከቆላው ከእኛው ሰው የተወለደች ናት። አባቷ ከሞተ በኋላ ጣሊያኖቹ ካምፕ ልብስ ልታጥብ ገብታ ቀርታለች፤ ከካምፑ ሹም ጋር እንደምትኖር አገር ያውቃል። ጫማ ተጫምታለች። ሹሙ ፎቶግራፍ ሊያስነሳት ነውና እንድኩላት ጠየቀችኝ።

"ውስጥ ልግባ፣ እትዬ?" አለች።

"እዚሁ ብርሃን አለ" አልኳት።

ከፍየሎቹ በረት አጠገብ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት። ከረጢቴን አላወጣሁም። ሊጣሉ የለየኋቸው ሁለት ያረጁ መቀቢያዎች ነበሩ፤ በእነሱ ሠራሁላት። ልጄ በር ላይ ቆማ ታያለች። ለሙሽራ ሁሉ ስጨርስ የምለው አለኝ፤ ማሻአላህ፣ አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ ቤትሽን ያድምቅልሽ እላለሁ። ለእሷ እጄን ጠርጌ ተነሣሁ።

"ለሌሎቹ እንደሚሉት ይበሉልኝ እንጂ፣ እትዬ።"

"እሱ ለሙሽራ ነው" አልኳት።

በረቱን አየችና ሄደች።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ድንጋዩ ላይ አልተቀመጠችም፤ ቆማ ከነጠላዋ ውስጥ አንድ መቀቢያ አወጣች። የፈረንጅ ነው። እጀታው ማር ይመስላል። ወገቡ ላይ ነጭ የአጥንት ቀለበት አለው። ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ጫፉ ግን በአገልግሎት ተሰነጣጥቆ ለስልሷል። የሳሙና ሽታ አለው። እጄ ጀርባ ላይ አሳለፍኩት። የግመል ግልገሉን መቀቢያ ሃያ ጊዜ አሳልፌ የማገኘውን ልስላሴ በአንድ ጊዜ አገኘሁት።

"የሥራዎት ዋጋ ነው" አለች።

"የምን ፀጉር ነው?"

"የፈረስ።"

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ ብልስ ያምኑኛል? እኔ እኮ ከፍየል ጋር የምቀመጥ ነኝ።"

አልማለችም። እኔም ዳግመኛ አልጠየቅኳትም። ፍሙ እዚያው ምድጃው ላይ ነበር። አንድ ዘለላ መንቀል ነበረብኝ፤ አልነቀልኩም። ፀጉሩ እንዳይሳሳ ብዬ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱን አላህ ያውቃል፤ ሽታውን ማወቅ አልፈለግኩም። ከረጢቱ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር አስገባሁት። ከኅዳር እስከ የካቲት በዚያ መቀቢያ ለአራት ሙሽሮች ሰንደል ነሰነስኩ። ከእያንዳንዳቸው በኋላ ሃያውንም በአንድ ገበቴ አጠብኩ።

አረፋ እንዳለፈ የካምፑ አስተርጓሚ ወደ ቤቴ መጣ። የአገር ሰው ነው፤ አለንጋ ይይዛል። ልጄ እህል ታበጥር ነበር። አገጯን በአለንጋው እጀታ ቀና አደረገና አያት።

"ዕድሜዋ ስንት ነው፣ እትዬ?"

"ዐሥራ ስድስት።"

"ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ካምፕ ትምጣ። ልብስ ታጥባለች።"

"አጣቢ ጠፋ እንዴ፣ ልጄ?"

"አጣቢማ ሞልቷል" አለና ሳቀ።

ልጄ ታጭታ ነበር። እጮኛዋ ከአጣዬ ወዲህ ካሉ የቁርአን ቤት ሰዎች ነው። ሠርጉ የተቀጠረው ለሚመጣው ዓመት ነበር። በዚያው ቀን ሰው ላክሁባቸው፤ ከሰኞ በፊት እንዲወስዷት ለመንኳቸው። አላህ ይስጣቸው፣ ምክንያቱን ሲሰሙ እሺ አሉ። ቅዳሜ በበቅሎ መጥተው ዘመድ ቤት አደሩ። ሙሽራው እናት የለውም፤ ያሳደገችው አክስቱ ናት። እሷም መጣች። ረጅም ሴት ናት፤ መቁጠሪያዋን ከእጇ አትለይም። ሼህ የሆኑት አጎቱም አብረው መጡ። እሑድ ረፋድ ላይ ኒካው ሊታሰር፣ ከዚያ ሊሄዱ ነው። ካምፑ እሑድ ስለሚዘጋ አስተርጓሚው አይመጣም።

ሂናውን ዓርብና ቅዳሜ ጨርሻለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሂና አልሠራሁም። እሑድ ጠዋት ፊቷን ጀመርኩ። ቤቱ በሴት ሞልቷል። ወንዶቹ ውጭ ግራሩ ሥር ናቸው።

"እማ፣ አፍንጫዬን እየኮረኮርሽኝ ነው" አለች ልጄ።

"ሙሽራ አይስቅም!" አለች አንዷ ጎረቤት። "ጥርሷን ያየ ባል ወደ እናቱ ይሸሻል።"

"እናት የለውም" አለች ሌላዋ።

"እንግዲያው ወደ አክስቱ ይሸሻል። እሷ ደግሞ በመቁጠሪያ ትመልሰዋለች።"

ሴቶቹ ሳቁ። አክስትየዋ እንኳ ፈገግ አለች። ልጄ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። ዓይኗን ኩዬ፣ ቅንድቧን ጨርሼ፣ የፈረንጁን መቀቢያ ይዤ ሰንደሉን ጉንጯ ላይ መነስነስ ጀመርኩ። ቅቤው እየያዘው እንደ ወርቅ ይሆናል።

የካምፗ ልጅ የገባችው ያኔ ነው። የጠራት የለም። በእጇ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ይዛለች። ጫማዋን አላወለቀችም። በሴቶቹ መካከል አልፋ እፊቴ ተቀመጠች።

"ዛሬስ ውስጥ ገባሁ" አለች። አንቱ ማለቱን ትታዋለች። "ታስወጪኛለሽ፣ እትዬ?"

"በሠርግ ቀን ሰው አይወጣም" አልኳት።

እጄ ላይ ያለውን አየች። መጀመሪያ በእጇ አፏን ያዘች፤ ከዚያ ሳቀች።

"በስመአብ ልል ምንም አልቀረኝ! አሁንም በእሱ ትቀቢያለሽ? ሙሽሮቹን ሁሉ በእሱ ነው የምትኩያቸው?"

"ምን አለው?" አለች አክስትየዋ።

"ሹሙ ጢሙን ሲላጭበት የነበረ ነው። አርጅቶበት የጣለው።"

"የፈረንጅ ጢም የነካው ሊታጠብ ይችላል" አለች አክስትየዋ። "ፀጉሩ የምንድን ነው?"

የካምፗ ልጅ እኔን አየችኝ። የምትናገረውን ስትናገር ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

"የአሳማ ነዋ። የነሱ ብሩሽ ሁሉ የአሳማ ነው። እኔ ራሴ አሳማው ሲታረድ ከጀርባው ሲነጩት አይቻለሁ፤ ለጫማም ለጢምም ያደርጉታል።"

መቀቢያው ከእጄ ወደቀ። ማንም አላነሳውም።

"የፈረስ ነው ብለሽኝ" አልኩ።

"ወላሂ በይ ብትዪኝ ማልኩልሽ?"

አክስትየዋ ተነሣች። ወደ ልጄ ጠጋ ብላ ጉንጯን ሳትነካ አየችው።

"ርሷል፣ ቅቤ ነው" አለች። "ደረቅ ቢሆን ርኩሰቱ አይጋባም ነበር። ያንን ነገር የት ነው የምታጥቢው አንቺ?"

"በገበቴ።"

"ለብቻው?"

ልዋሽ እችል ነበር። ማንም አላየኝም። "ከሌሎቹ ጋር" አልኩ።

"ሁሉንም በአንድ ውሃ?"

"አዎ።"

"ሂናውን የቀባሽበትንም?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ይህች ልጅ ከጣቷ እስከ ግንባሯ አሳማ ነች" አለች። ወደ ሴቶቹ ዞረች። "በቅሎዎቹን ጫኑ በሉ። የቁርአን ቤት ይህን ይዞ አይገባም።"

እግሯ ላይ ወደቅሁ። "እትዬ፣ ስለ አላህ ብለው ይማሩን። ነገ ሰኞ ነው። ምን እንደሚመጣ ያውቃሉ።"

"ያንቺ እጅ ያመጣው ነው።"

ከሴቶቹ አንዷ ወጥታ ሼሁን ጠየቀቻቸው። ሼሁ ከግራሩ ሥር ሆነው የላኩት ቃል አጭር ነበር። ልጅቷ ጥፋት የለባትም፤ ሰባት ጊዜ ትታጠብ፣ አንደኛው በአፈር ይሁን፤ የሂናው ቀለም ቢቀር አይጎዳም፤ ዕቃውም እንዲሁ ይታጠብ፤ በቂ ነው። አላህ ይዘንላቸው። እሳቸው ያሉት ይህን ብቻ ነበር።

"የሼሁን ሰማን" አለች አክስትየዋ። "የእኔን ደግሞ ስሚ። የማሳድራት የማበላት እኔ ነኝ። የምታጥቢያት አንቺ ነሽ፣ በራስሽ እጅ፣ እዚህ ሁሉም እያየሽ። ዕቃው አይታጠብም፤ ይቃጠላል። አንቺም ቤቴን አትረግጪም። ብትወልድ አትመጪም፤ ብትሞት አትመጪም። እሺ ካልሽ እወስዳታለሁ።"

ልጄ አየችኝ። እንቢ እንድል ይሁን እሺ እንድል፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

"እሺ" አልኩ።

ወደ ደጅ አወጣናት። የለበሰችውን አዲስ ቀሚስ አውልቃ አሮጌ ለበሰች። የመጀመሪያው ውሃ ኩሉን አወረደው። በጥቁር እንባ ፊቷ ተዥጎረጎረ። ሴቶቹ ይቆጥራሉ። ሁለተኛው ሰንደሉን ወሰደው። አፈሩን ሦስተኛው ላይ አደረግነው። እኔ ከወንዙ ዳር ለስላሳ ደለል ላመጣ ስል አክስትየዋ ከለከለችኝ።

"ደለል ላይ ከብት ይሸናበታል" አለች። ከመንገዱ ዳር ራሷ ዝቃ አመጣች። አፈሩ ጠጠር አለበት።

"ፊቷን እሺው" አለች።

አሸሁት።

"ጠንከር አድርጊ። ለስላሳ እጅ እንዳለሽ ሰምተናል፤ አሁን አይጠቅምም።"

ጠንከር አደረግኩ። አንዷ ጎረቤት፣ ቅድም ስትቀልድ የነበረችው፣ "ሙሽራችን ምርጊት ሆነች" አለች። ጥቂቶቹ ሳቁ። ልጄ አላለቀሰችም። ቅንድቧ አጠገብ ቆዳዋ ተላጠና ደም ወጣ። ከጭቃው ጋር አብሬ አሸሁት፤ ማቆም አልተፈቀደልኝም። አራተኛው ውሃ ጭቃውን ወሰደ። ጉንጮቿ ቀልተው አብጠው ነበር።

"እማ" አለች ቀስ ብላ። "ታውቂ ነበር?"

"አላውቅም ነበር።"

"ያን መቀቢያ ስታቃጥዪው አላየሁሽም። ሌላውን ሁሉ ዘለላ እየነቀልሽ ታሸቻለሽ። ያንን ለምን ተውሽው?"

ያን ጊዜም ልዋሽ እችል ነበር። ሴቶቹ ይሰማሉ።

"ያምር ነበር" አልኩ።

አምስተኛውን ውሃ አፈሰስኩባት። ፊቷን ላብስ እጄን ስዘረጋ ያዘችኝ።

"እጅሽን አንሺልኝ። የቀረውን ራሴ እታጠባለሁ።"

አክስትየዋን አየኋት። "አምስቱን እናትሽ አድርጋለች፤ ይበቃታል" አለች። ገንቦውን ለልጄ ሰጠኋት። ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ራሷ አፈሰሰች። ከእኔ ይልቅ አጥብቃ አሸች፤ ፊቷን ብቻ ሳይሆን እጇንም፣ ሂናው እንደማይለቅ እያወቀች።

ከዚያ ከረጢቱን አስመጡኝ። ለሠርጉ ሥጋ የሚቀቀልበት እሳት ደጅ ላይ ይነድ ነበር። አክስትየዋ ከረጢቱን ከእኔ ተቀብላ ለልጄ ሰጠቻት።

"አንቺ ጣዪው" አለቻት። "ከምን እንደወጣሽ እንድታውቂ።"

ልጄ አንድ በአንድ ጣለቻቸው። የጥጃው ተቃጠለ፤ ሽታውን አውቃለሁ። የፍየሉ ተቃጠለ። የግመል ግልገሉን ስትጥል ፊቴን አዞርኩ። የእናቴ የብር መኳያ ብር ስለሆነ እንደማይቃጠል ነገርኳት፤ ቢታጠብ ይነጻል አልኩ። አክስትየዋ በእሳት መቆስቆሻው ወደ ፍሙ መካከል ገፋችው። መጨረሻ ላይ የፈረንጁን ከመሬት በቅጠል አንስተው ጨመሩት። ጨሰና ሌላ ሽታ መጣ። በሕይወቴ ሸትቶኝ የማያውቅ ነበር።

የካምፗ ልጅ በሩ ላይ ተደግፋ ታያለች። ስኳሩ አሁንም በእጇ ነው። ወደ እሷ ሄድኩ።

"ልጄ ምን አደረገችሽ?" አልኳት። "እኔን በገደልሽኝ።"

"አንቺ ብትሞቺ ማን ያያል?" አለች። "እኔስ ምን አድርጌ ነበር? ልብስ ላጥብ ነው የሄድኩት። በቅሎ የሚጭንልኝ አልነበረም። ያንቺን ልጅ አፈር ነው የነካት፣ እትዬ። አፈር ብቻ።"

ስኳሩን ደፍ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ስትሄድ አየኋት፤ ትሳቃለች ብዬ ነበር፤ አትስቅም ነበር።

ኒካው ታሰረ። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፤ ድምፃቸው ውጭ ይሰማኛል። ልጄን ያለ ኩል፣ ያለ ሰንደል፣ ፊቷ አብጦ ሸፈኗት። ሙሽራ ስትወጣ የእናቷን ጉልበት ትስማለች። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። በአጠገቤ አለፈች። ሙሽራው በቅሎዋ ላይ ሲያወጣት አክስትየዋ፣ "ምንም ቢሆን ፊቷ ንጹሕ ነው" አለችው። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፤ ነጠላዋ ሲንሸራተት አስተካከለላት። ያን ስላየሁ አላህን አመሰግናለሁ።

በቅሎዎቹ ወንዙን ሲሻገሩ አየኋቸው። ልጄ ዞር አላለችም።

ጎረቤቶቼ ድስቱን ሳይጨርሱ ተበተኑ። እሳቱን ራሴ አጠፋሁት። ሥጋውን የነካው ሰው አልነበረም፤ ጭሱ ነክቶታል ብለው ፈሩ።

ዛሬ አርጅቻለሁ። ልጄ ስድስት ወልዳለች። ይህን የማውቀው ገበያ ላይ ከሚያዩዋት ሰዎች ነው። ሦስቱ ቁርአን እስከ መጨረሻው ቀርተው አኽትመዋል አሉ። አክስትየዋ ከሞተች ቆየች፤ አላህ ይማራት። ከዚያ በኋላ የሚከለክል አልነበረም፤ ልጄ ግን አልመጣችም፣ ሰውም አልላከችብኝም። በቅንድቧ አጠገብ ትንሽ ጠባሳ አለ ይላሉ። ካምፕ አልገባችም። በዚያ ዓመት ከእኛ ሠፈር አምስት ልጆች ገብተዋል፤ የአምስቱንም እናቶች አውቃቸዋለሁ። ስለዚህ ስሰግድ የመጀመሪያው ቃሌ ምስጋና ነው። ሁለተኛውን ለራሴ እይዘዋለሁ።

በሠርጉ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሱብሒን ሰግጄ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ሲወጣ አስተርጓሚው መጣ።

"የታለች?"

"አግብታለች።"

"መቼ?"

"ትናንት።"

ቤቱን ዞር ብሎ አየው። በአለንጋው ትከሻዬን ሁለት ጊዜ መታኝ። "ጮሌ ነሽ፣ እትዬ" አለኝና ሄደ። ሁለት ብቻ ነው የመታኝ፤ አልሐምዱሊላህ።

ከዚያ ወንዝ ወርጄ ገንቦዬን ሞላሁ። ንጹሕ ደለል ዘግኜ በጨርቅ ቋጠርኩ። በዚያ መቀቢያ የኳልኳቸው አራት ሙሽሮች ነበሩ፤ ነገሩ እስኪደርሳቸው ባለማወቅ ይሰግዳሉ። ወደ መጀመሪያዋ ሄድኩ። ቤቷ ከጥጥ እርሻው ማዶ ነው። አማቷ በር ላይ ጥጥ ትፈለቅቅ ነበር።

"ሙሽራሽን ጥሪልኝ" አልኳት። "ፊቷን መታጠብ አለባት።"

"ምን ሆና?"

ነገርኳት። ሳልቀንስ ነገርኳት፤ ምን እንደሆነ፣ ስንት ወር እንደሆነ፣ ሳልፈትነው እንደተጠቀምኩበት። ሙሽራዋ ድምፄን ሰምታ ወጣች። እጇ ላይ ዱቄት አለ። ስታየኝ ደስ አላት፤ "እትዬ!" አለች፤ ልትስመኝ መጣች። አማቷ ክንዷን ይዛ ወደ ውስጥ ገፋቻት። ከዚያ ገንቦውን ከትከሻዬ አውርዳ ውሃውን በራሴ ላይ ደፋችው። በዚህ አላበቃም፤ ከመሬት አፈር አንስታ አፌ ላይ ለጠፈችው።

"አንቺ ታጠቢ" አለችኝ።

ቢስሚላህ ብዬ አፌን ጠረግኩ። የሼሁን ቃል ነገርኳት፤ ሰባት ጊዜ፣ አንደኛው በአፈር፤ ልጅቷ ጥፋት የለባትም አልኳት። የደለሉን ቋጠሮ ግማሽ ደፉ ላይ አስቀመጥኩላት። ወደ ወንዙ ተመልሼ ገንቦውን ሞላሁና ወደ ሁለተኛዋ ቤት ሄድኩ።